ከአዳራሹ ወንበር ወደ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ፦ የኬሚስትሪና የባዮኬሚስትሪ ዲግሪ ታሪክ

በ1609 ማርቡርግ በተባለችው የጀርመን ከተማ ዮሐንስ ሃርትማን የሚባል የሂሳብ መምህር አዲስ ሹመት ተሰጠው። መድኃኒትን በኬሚስትሪ መንገድ መቀመም የሚያስተምር ፕሮፌሰር ሆነ። በኤውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪ የራሱን ወንበር ሲያገኝ የመጀመሪያው ይህ እንደሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሃርትማን ለተማሪዎቹ ላቦራቶሪ ጭምር ከፍቶ ነበር፤ ጅምሩ ግን ሥር አልሰደደም። ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ኬሚስትሪ በአብዛኛው የሕክምና ትምህርት ረዳት ሆኖ ኖረ። ሐኪም ለመሆን የሚማር ወጣት ስለ ጨውና ስለ አሲድ ጥቂት ይሰማል፤ ከዚያ ወደ ዋናው ትምህርቱ ያልፋል። ኬሚስት ለመሆን ብቻ ብሎ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው እምብዛም አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1780ዎቹ ፓሪስ ላይ አንቷን ላቮአዝዬ ሚዛንን የኬሚስትሪ ዳኛ አደረገው። ከሙከራው በፊት የነበረው ክብደት ከሙከራው በኋላም መገኘት አለበት ብሎ ተነሣ። ከሂሳብ ሊቁ ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠና በሰውነቷ ሙቀት የቀለጠውን በረዶ ለካ። ከዚያም እሷ በትንፋሿ ያወጣችውን ያህል ጋዝ የሚሰጥ ከሰል አንድዶ ምን ያህል በረዶ እንደሚያቀልጥ አወዳደረ። ሁለቱ ልኬቶች ተቀራረቡ። መተንፈስ ዝግ ያለ መቃጠል ነው የሚለው ድምዳሜ ከዚህ ወጣ። ዛሬ ባዮኬሚስትሪ የምንለው ትምህርት አንዱ ሥሩ እዚህ ነው። ላቮአዝዬ በ1789 ባሳተመው የመማሪያ መጽሐፍ ከዚያ በላይ ሊከፋፈሉ አይችሉም ያላቸውን 33 ነገሮች ዘርዝሮ ለተማሪ የሚሆን ሥርዓት አበጀ። እሱ ራሱ ግን የግብር ሰብሳቢው ድርጅት ባለድርሻ ነበርና በ1794 የፈረንሳይ አብዮት አንገቱን ቀላው።

መጽሐፉ ተገኘ፤ ተማሪው ግን ገና ከወንበሩ አልተነሣም። በ1812 ለንደን ውስጥ ማይክል ፋራዳይ የሚባል የ20 ዓመት የመጽሐፍ ጥራዝ ለማጅ፣ አንድ ደንበኛ በሰጠው ትኬት የሃምፍሪ ዴቪን የኬሚስትሪ ንግግሮች በሮያል ኢንስቲትዩሽን ተከታተለ። የሰማውን ጽፎ፣ ያየውን ሥሎ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 የላቦራቶሪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ከዓለም ታላላቅ ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ፋራዳይ ላቦራቶሪ የገባው በተማሪነት ሳይሆን በተቀጣሪነት ነው። በዚያ ዘመን ለድሃ ልጅ ሌላ መግቢያ አልነበረውም። አዳራሹ ለሰሚ ክፍት ነበር፤ ላቦራቶሪው ግን የፕሮፌሰሩና የረዳቱ ነበር። የኬሚስትሪ ዲግሪ ታሪክ ይህ ቤት ለተማሪው እንዴት እንደተከፈተ የሚናገር ታሪክ ነው።

የጊሰን ዘበኛ ቤት

ዩስቱስ ሊቢግ በ1803 በዳርምሽታት ተወለደ። አባቱ ቀለምና ልዩ ልዩ ኬሚካሎች የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ልጁም ከሱቁ ጓዳ ሙከራ መሥራት የጀመረው ገና በልጅነቱ ነው። ለመድኃኒት ቀማሚ በለማጅነት ተሰጠ፤ ሥልጠናውን ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ኋላ በቦንና በኤርላንገን ዩኒቨርሲቲዎች ካስትነር የተባለ ፕሮፌሰር ዘንድ ኬሚስትሪ ተማረ፤ እዚያ የቀሰመው ግን ብዙው ንግግር ነበር። የሚፈልገውን ያገኘው በ1822 በሄሰን መስፍን ድጋፍ ፓሪስ ከሄደ በኋላ ነው። ታዋቂው ተጓዥና ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት አይቶት ለጌ-ሉሳክ አስተዋወቀው፤ ጌ-ሉሳክም የግል ላቦራቶሪውን ከፈተለት። ከሊቁ ጎን ቆሞ መመዘንና መተንተን ምን እንደሚያስተምር ሊቢግ ያወቀው እዚያ ነው።

በ1824 ሊቢግ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ በሁምቦልት አሳሳቢነት በትንሿ የጊሰን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር የመድኃኒት ቀማሚዎችና የኬሚስትሪ ማሠልጠኛ እንዲከፈት ሲጠይቅ የዩኒቨርሲቲው ሸንጎ አልተቀበለውም። ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት አገልጋዮችን እንጂ መድኃኒት ቀማሚና ሳሙና ሠሪ አያፈራም የሚል ነበር መልሱ። ስለዚህ ማሠልጠኛው በግል ተጀመረ። ቦታው ወታደሮች የለቀቁት የጦር ሰፈር ዘበኛ ቤት ነበር። መሐሉ ላይ ምድጃ፣ ዙሪያውን ጠረጴዛ፣ ጥቂት ሚዛንና ብልቃጥ፤ ሀብቱ ይኸው ነው። ለዓመታት ለዕቃና ለኬሚካል ከኪሱ ያወጣ ነበር።

ተማሪ ላቦራቶሪ ሲያስገባ ሊቢግ ብቻውን አልነበረም፤ በጎቲንገን ሽትሮማየር ከእሱ ቀድሞ ተማሪዎቹን ትንተና ያለማምድ ነበር። የሊቢግ ድርሻ ልምምዱን ደረጃ ያለው ትምህርት ማድረጉ ነው። ጀማሪው በመጀመሪያ ምንነታቸው ያልተነገረው ናሙናዎች ይሰጡትና በውስጣቸው ያለውን ይለያል። ቀጥሎ ምን ያህል እንዳለ ይመዝናል። ከዚያ ውሑዶችን ራሱ ያዘጋጃል። እነዚህን ሲያልፍ ማንም መልሱን የማያውቀው ጥያቄ ይሰጠዋል። በየማለዳው እያንዳንዱ ተማሪ ትናንት ምን እንደሠራና ዛሬ ምን እንደሚያደርግ ለሊቢግ ያስረዳል፤ ሊቢግም ይደግፋል ወይም ይሞግታል። መንገዱን የሚፈልገው ግን ተማሪው ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የኬሚስትሪ ተማሪ ከአንደኛ ዓመት እስከ መመረቂያ ጽሑፉ የሚጓዝበት ቅደም ተከተል ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ይህን ሁሉ ያስቻለ አንድ ቀላል መሣሪያ አለ። በ1831 ሊቢግ አምስት ትናንሽ ጉልላቶች ያሉትን የመስታወት ቱቦ ሠራ። ከተክል ወይም ከእንስሳ የተገኘ ነገር ሲቃጠል ካርቦኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ጋዙ በቱቦው ውስጥ ባለው የፖታሽ ሙሙት ተይዞ ይቀራል። ቱቦው ከቃጠሎው በፊትና በኋላ ሲመዘን ልዩነቱ የካርቦኑን መጠን ይናገራል። ቀድሞ የሊቅን እጅ ይጠይቅ የነበረውን ትንተና አሁን ተማሪ በአግባቡ ከሠለጠነ ይሠራው ጀመር። የአንድ ፕሮፌሰር ጥናት የብዙ ተማሪዎች የጋራ ሥራ ሆነ።

በ1839 ላቦራቶሪው ሰፋ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቪልሄልም ትራውትሾልት የተባለ ሠዓሊ የሣለው ሥዕል ዛሬም አለ፤ ኮፍያቸውን እንደደፉ የሚያጣሩ፣ የሚወቅጡ፣ የሚከራከሩ ወጣቶች ይታያሉ። ከመካከላቸው ከሜክሲኮ የመጣው ቪሰንቴ ኦርቲጎሳ ይገኝበታል። ሊቢግ በ1852 ወደ ሙኒክ እስኪሄድ ድረስ ከ700 በላይ የኬሚስትሪና የመድኃኒት ቅመማ ተማሪዎች በጊሰን አልፈዋል። ዩኒቨርሲቲው ዛሬ ሸንጎው ባልተቀበለው ሰው ስም ይጠራል፤ ላቦራቶሪውም ሙዚየም ሆኗል።

የ15 ዓመቱ ተማሪ

ጊሰን የዘራችው በለንደን በቀለ። አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማን የጊሰን ተወላጅ ነው፤ አባቱ የሊቢግን ላቦራቶሪ ያሰፋው መሐንዲስ ነበር። ልጁ ሕግ ሊማር ገብቶ በሊቢግ ተማርኮ ኬሚስት ሆነ። በ1845 ለንደን ውስጥ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ኬሚስትሪ ሲከፈት የመጀመሪያው መሪ ሆፍማን ሆነ፤ የጊሰንን ሥርዓት እንዳለ ይዞት ሄደ።

በ1853 ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ15 ዓመት ልጅ ወደዚህ ኮሌጅ ገባ። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ ልጁ የሕንፃ ንድፍ እንዲማር ይፈልግ ነበር። ፐርኪን ግን በትምህርት ቤቱ በምሳ ሰዓት ይሰጥ የነበረውን የኬሚስትሪ ትምህርት ምሳውን ትቶ ይከታተል ስለነበር ልቡ ተወስዷል። በኮሌጁ ብዙም ሳይቆይ የሆፍማን የምርምር ረዳት ሆነ። ሆፍማን የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ከሚገኙ ነገሮች መሥራት ይቻል ይሆን ሲል ሰምቷል። በ1856 የፋሲካ ዕረፍት ፐርኪን ቤቱ ባለችው ትንሽ ላቦራቶሪ ሞከረው። ኪኒን አልወጣም። የወጣው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ሌላ ሰው ይደፋው ነበር፤ እሱ ግን በአልኮል ሲያጥበው የሚያምር ሐምራዊ ቀለም አየ፤ ሐርም ነከረበት። በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት አወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ፋብሪካ ተከለ። የሰው ሠራሽ ቀለም ኢንዱስትሪ የተጀመረው በአንድ የ18 ዓመት ተማሪ እጅ ነው።

ፐርኪን ያንን ዝቃጭ እንዳይደፋው ያደረገው ዕድል ብቻ አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልታወቀ ነገር ፊቱ ቀርቦለት ምን እንደሆነ እንዲመረምር ሠልጥኗል። ያልጠበቀው ውጤት ሲያጋጥመው መጠየቅን የለመደ እጅና ዓይን ነበረው። የላቦራቶሪ ትምህርት ለተማሪው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የሕይወት ኬሚስትሪ

ይህ አንዱ ወንዝ ነው፤ ሌላው ወንዝ ከሌላ አቅጣጫ ይፈስ ነበር። በ1828 የሊቢግ የዕድሜ ልክ ወዳጅ የሆነው ፍሪድሪሽ ቮለር ሕይወት ከሌለው ጨው ዩሪያ ሠራ። ዩሪያ በሽንት የሚገኝ፣ ከእንስሳ ሰውነት በቀር ከየትም አይወጣም የተባለ ነገር ነበር። የሕይወት ነገሮችና የድንጋይ ነገሮች በሁለት የተለያዩ ሕጎች ይገዛሉ የሚለው እምነት በአንድ ቀን ባይፈርስም ተሰነጠቀ። ሊቢግም በ1842 የእንስሳት ኬሚስትሪ የሚል መጽሐፍ አወጣ።

በ1860ዎቹ በቱቢንገን ፌሊክስ ሆፐ-ዛይለር ደምን ያጠና ነበር፤ ሄሞግሎቢን የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። ላቦራቶሪው ከከተማዋ በላይ ባለው ጥንታዊ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። በ1868 ፍሪድሪሽ ሚሸር የሚባል ወጣት የስዊዝ ሐኪም ወደ እሱ መጣ። ጆሮው በበሽታ ስለተጎዳ ከሕክምናው ይልቅ ምርምሩን መርጦ ነበር። ሚሸር በቤተ መንግሥቱ የድሮ ማብሰያ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ከቀዶ ሕክምና ክሊኒክ የሚመጡ ፋሻዎች ላይ ያለውን መግል እያጠበ የነጭ የደም ሴሎችን እምብርት ለየ። በ1869 ከዚያ እምብርት ፎስፎረስ ያለበት፣ ፕሮቲንን የሚፈጨው ፔፕሲን የማይበግረው አዲስ ነገር አገኘ። ሆፐ-ዛይለር ውጤቱን በችኮላ አላሳተመም፤ ሙከራውን ራሱ ደግሞ አረጋገጠና በ1871 እንዲታተም አደረገ። ያ ነገር ዛሬ ዲኤንኤ የምንለው ነው።

ሆፐ-ዛይለር በ1872 ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ የፊዚዮሎጂ ኬሚስትሪን ራሱን የቻለ ወንበር ይዞ አስተማረ፤ በ1877 ደግሞ የዘርፉን መጽሔት መሠረተ። አዲሱ ሙያ የራሱ ክፍል፣ የራሱ መምህር፣ የራሱ ገጽ አገኘ። ከሃያ ዓመት በኋላ በ1897 ኤድዋርድ ቡኽነር እርሾን ከአሸዋ ጋር ወቅጦ ጨመቀና ሕያው ሴል የሌለበት ጭማቂ አወጣ። ስኳር ሲጨምርበት ጭማቂው አረፋ ደፈቀ፤ ስኳሩ ወደ አልኮል ተለወጠ። መፍላት የሕያው ሴል ብቻ ምሥጢር አለመሆኑ ታወቀ፤ ሥራው የኢንዛይሞች ነው፤ ኢንዛይምም ብልቃጥ ውስጥ ሊጠና ይችላል። ቡኽነር በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራው ነገር የተገኘው ያኔ ነው።

ኤለን ስዋሎ

ይህ ሁሉ ሲሆን ላቦራቶሪው የወንዶች ነበር። በ1870 ኤለን ስዋሎ ከቫሳር ኮሌጅ ተመርቃ ያኔ በቦስተን ይገኝ ወደነበረው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም አመለከተች። ሴት ተማሪ ተቀብሎ አያውቅም ነበር። ተቀበሏት፤ ክፍያም አልጠየቋትም። ድሃ ስለሆነች የተደረገላት መስሏት ነበር፤ ኋላ ግን ምክንያቱ ሌላ እንደነበር ተረዳች። ገንዘብ ካልከፈለች፣ ወቀሳ በመጣ ጊዜ «ተማሪያችን አይደለችም» ማለት ይቻላል። ይህን ቀድማ ብታውቅ እንደማትገባ ተናግራለች።

በ1873 በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ተቀበለች፤ ከተቋሙ በዲግሪ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1876 የሴቶች ላቦራቶሪ እንዲከፈት አደረገች፤ ሌሎች ሴቶች ትንተና የተማሩት እዚያ ነው። ተቋሙ ሴቶችን በመደበኛነት መቀበል ሲጀምር ላቦራቶሪው ሥራውን ጨርሶ ተዘጋ። በ1887 የማሳቹሴትስ ወንዞችና ጉድጓዶች ውኃ ሲመረመር ትንተናውን የመራችው እሷ ናት፤ ከዚህ ሥራ በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የውኃ ጥራት መለኪያዎች ወጡ። ሰዎች የሚጠጡት ውኃ ንጹሕ እንዲሆን በአንዲት ሴት ዲግሪ የተጀመረ ሥራ ይህን ያህል ሄደ።

ካምብሪጅና ኦክስፎርድ

ፍሬድሪክ ጎውላንድ ሆፕኪንስ በ1861 ተወለደ። በ17 ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ ኢንሹራንስ ቢሮ ገባ፤ ከዚያ የኬሚካል ትንተና ሠራተኛ ሆነ፤ ዘግይቶም ሕክምና ተማረ። በ1898 ካምብሪጅ ጠራው። በ1901 ከሲድኒ ኮል ጋር ትሪፕቶፋን የተባለውን አሚኖ አሲድ ለየ። በ1912 ደግሞ ዘመን የማይሽረው ሙከራውን አሳተመ። ወጣት አይጦችን የተጣራ ፕሮቲን፣ ስታርች፣ ስኳር፣ ስብና ጨው ብቻ መገባቸው፤ ማደግ አቆሙ። ለሌሎቹ በቀን ጥቂት ወተት ጨመረላቸው፤ አደጉ። በ18ኛው ቀን ወተቱን ከእነዚህ ነሥቶ ለእነዚያ ሰጠ፤ ያቆሙት አደጉ፣ ያደጉት ቆሙ። ኋላ ቫይታሚን የተባሉት ነገሮች በዚህ መንገድ ራሳቸውን ገለጡ።

ሆፕኪንስ በ1914 የካምብሪጅ የመጀመሪያው የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1924 ከሰር ዊልያም ደን ኑዛዜ በተገኘ ገንዘብ አዲሱ ተቋም ተከፈተ። ሴቶች በብዙ ላቦራቶሪዎች በማይፈለጉበት ዘመን ሆፕኪንስ ይቀበላቸው ነበር፤ ባክቴሪያን በኬሚስትሪ ያጠናችው ማርጆሪ ስቲቨንሰን በ1945 የሮያል ሶሳይቲ አባል ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች አንዷ ናት። በ1933 ናዚዎች አይሁዳውያን ምሁራንን ሲያባርሩ ከፍራይቡርግ የተባረረውን ሃንስ ክሬብስን ሆፕኪንስ ተቀበለው። ክሬብስ በ1937 በሼፊልድ ሆኖ፣ ከተፈጨ የእርግብ ጡንቻ ጋር እየሠራ፣ ሴል ከምግብ ኃይል የሚያወጣበትን ዑደት ደረሰበት። «ኔቸር» መጽሔት ቦታ የለኝም ብሎ ጽሑፉን መለሰው፤ ሌላ መጽሔት አተመው። በ1953 ኖቤል ተቀበለ። ዛሬ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ያንን ዑደት ሳያውቅ አይመረቅም።

በኦክስፎርድ ደግሞ የዚያ የሐምራዊ ቀለም ፈጣሪ ልጅ፣ አባቱን በስም የሚጋራው ዊልያም ፐርኪን፣ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበር። በ1916 የመጀመሪያ ዲግሪው አራተኛ ዓመት እንዲጨመርለትና ዓመቱ በሙሉ ምርምር እንዲሆን ተደረገ። ተማሪው ፈተናውን ካለፈ በኋላ ላቦራቶሪ ገብቶ የራሱን ጥያቄ ይመረምራል፤ ጽሑፍ አቅርቦ ይመረቃል። አባት በዕረፍት ጊዜው በቤቱ ያደረገውን ልጅ የዲግሪው አካል አደረገው።

በዚህ ሥርዓት ካለፉት አንዷ ዶርቲ ክሮፉት ናት፤ ኋላ ዶርቲ ሆጅኪን ተባለች። በ1910 ካይሮ ተወለደች፤ አባቷ በጎረቤታችን በሱዳን የትምህርት ኃላፊ ነበር። በ13 ዓመቷ ካርቱም በሄደች ጊዜ የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነ የአፈር ኬሚስት ማዕድን እንድትመረምር አደረጋት፤ የራሷን ኬሚካሎችም ሰጣት። በ1928 ኦክስፎርድ ገባች፤ በአራተኛ ዓመቷ በኤክስሬይ የክሪስታሎችን አወቃቀር አጠናች፤ በ1932 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። በዚያች አንድ ዓመት የጀመረችው ሥራ ዕድሜዋን በሙሉ ሄደ። የፔኒሲሊንን ቅርጽ በ1945፣ የቫይታሚን ቢ 12ን በ1956፣ የኢንሱሊንን በ1969 ገለጠች። በ1964 ኖቤል ተቀበለች። አራተኛ ዓመት ላይ በእሷ ሥር ምርምር ከሠሩት ተማሪዎች አንዷ ኋላ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነችው ማርጋሬት ታቸር ናት።

ሁለት ተመራቂዎች

በ1936 ፍሬድሪክ ሳንገር ካምብሪጅ ገባ። ፊዚክስና ሂሳብ ከበዱት፤ ብዙዎች በሁለት ዓመት የሚጨርሱትን የመጀመሪያ ክፍል ሦስት ዓመት ፈጀበት። ባዮኬሚስትሪን ግን ወደደው፤ በመጨረሻው ዓመት አንደኛ ማዕረግ አገኘ። ከዚያም ስኳር በሽተኞች የሚወጉትን ኢንሱሊን ያዘ። የፕሮቲኑን ሰንሰለት ጫፍ በቢጫ ቀለም ምልክት እያደረገ፣ ሰንሰለቱን እየቆራረጠ፣ ቁርጥራጮቹን በወረቀት ላይ እየለየ አሥር ዓመት ሠራ። በ1955 የ51ዱም አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል ታወቀ። ፕሮቲን ቁርጥ ያለ ቅደም ተከተል ያለው ሞለኪውል መሆኑ ተረጋገጠ። በ1958 የኬሚስትሪ ኖቤልን ተቀበለ፤ ዲኤንኤን የማንበብ ዘዴ ስላገኘ በ1980 ደግሞ ሁለተኛውን ወሰደ። ያነበበው ሚሸር ከመግል ያወጣውን ያንኑ ነገር ነው።

አትላንቲክን ተሻግረን ኒው ዮርክ ብንሄድ ማሪ ሜናርድ ዴሊን እናገኛለን። አባቷ ከካሪቢያን የመጣ ስደተኛ ነበር። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ሊማር ገብቶ የመኖሪያና የምግብ ወጪ ስላቃተው አቋርጦ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆነ። ልጁ በ1942 በኩዊንስ ኮሌጅ በኬሚስትሪ ተመረቀች። በ1947 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክተሬቷን ስትቀበል በአሜሪካ በኬሚስትሪ ይህን ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። ኋላ ኮሌስትሮልና የደም ግፊት ከደም ሥር መዘጋት ጋር ያላቸውን ግንኙነት አጠናች። በ1988 በተማረችበት ኮሌጅ በአባቷ ስም የነፃ ትምህርት ዕድል አቋቋመች፤ አባቷ ያልጨረሰውን ሌሎች እንዲጨርሱ።

አዲስ አበባና ዓድዋ

በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። አራት ኪሎ የሳይንስ ተማሪዎች መናኸሪያ ሆነች። ከሊቢግ ዘበኛ ቤት የተነሣው ሥርዓት እኛም ዘንድ ደረሰ።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያስተላልፉት በወንዝ የሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። እናቶቻችን ለዘመናት የሚያውቁት የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን ይገድላል ማለት ነው። ኬሚስቶች ሲተነትኑት ገዳዩ በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ውሑድ መሆኑን አወቁ፤ አንዱ ውሑድም በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ተባለ። ነገር ግን እንዶድ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚጠየቁትን የመርዛማነት ጥናቶች የሚሠራ፣ ደረጃውን የጠበቀ ላቦራቶሪ በአገር ቤት አልነበረም። ጥናቶቹ ባሕር ማዶ እስኪሠሩ ብዙ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዕውቀቱ ከእኛ ወንዝ ተገኘ፤ ማረጋገጫው ግን የሌላ አገር ላቦራቶሪ ጠበቀ። የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ሥራቸውን የሚያወጡበት የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ መጽሔት መታተም የጀመረው በ1987 ነው።

ዛሬ

ሁለቱ ወንዞች ተገናኝተዋል። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኬሚስትሪና ባዮኬሚስትሪ በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ ይሰጣሉ። የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ በ2008 ባወጣው መመሪያ የኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪ በአምስት መሠረቶች ላይ እንዲቆም አደረገ፤ እነሱም የትንተና፣ የኢንኦርጋኒክ፣ የኦርጋኒክና የፊዚካል ኬሚስትሪ እንዲሁም ባዮኬሚስትሪ ናቸው። ከመግቢያው ኮርስ በላይ ደግሞ ተማሪው 400 ሰዓት በላቦራቶሪ እንዲያሳልፍ ይጠይቅ ነበር። ሊቢግ ከኪሱ እየከፈለ የጀመረው ልምምድ በሰዓት ተቆጥሮ የዲግሪ ግዴታ ሆነ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ፍርድ ይወጣል። ፐርኪን፣ ስዋሎ፣ ሆጅኪንና ሳንገር የተለያየ ዘመንና ኑሮ ነበራቸው፤ አንድ የሚያደርጋቸው ገና ወጣት ሳሉ መልሱ የማይታወቅ ጥያቄ በእጃቸው መያዛቸው ነው። ኬሚካል አልቆ መምህሩ ብቻ ሠርቶ ሲያሳይ፣ ወይም ሠላሳ ተማሪ አንድ ሚዛን ከብቦ አንዱ ሲሠራ ሌላው ሲገለብጥ፣ ፋራዳይ ከተቀመጠበት የ1812 አዳራሽ አልራቅንም። ማስታወሻ ሸምድዶ ማለፍ ይቻላል፤ ኬሚስት መሆን ግን አይቻልም።

ስለዚህ በጀት የሚመድቡ ሁሉ ሲቸግራቸው መጀመሪያ የሚቀንሱት የላቦራቶሪውን ወጪ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ከመመረቃቸው በፊት አንዲት ትንሽም ብትሆን የራሳቸውን ጥያቄ ይመርምሩ፤ የወንዙ ውኃ፣ የጓሮው ተክል፣ የገበያው ማር ለዚህ ይበቃል። አንቺም አንተም ኬሚስትሪ ወይም ባዮኬሚስትሪ ለመማር ስትመዘገቡ ስለ ዲግሪው ስም ብቻ አትጠይቁ፤ በገዛ እጃችሁ ስንት ሰዓት እንደምትሠሩ ጠይቁ። ያ ሰዓት የእናንተ መብት ነው።